የአልኮል ሱስ ሕክምና በማረሚያ ቤት፦ ከአሰላ አንጻር

ገብስ አብቃይ በሆነው የአርሲ ደጋ ጠላና አረቄ የማኅበራዊ ኑሮ አካል ናቸው። በመሆኑም ወደ ማረሚያ ቤት ከሚገቡት መካከል የአልኮል ጥገኝነት ያለባቸው እንደሚኖሩ ታሳቢ ማድረግ ይገባል። መጠጥ በድንገት መቋረጡ ግን ሕክምና አይደለም። የማቋረጥ ምልክቶች ከ6 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራሉ፤ ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜም ለሞት የሚያደርስ፣ ከመንቀጥቀጥ ጋር የሚመጣ መቃዠት ሊከተል ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት የማንዴላ ደንቦች (2015 እ.ኤ.አ.)፣ ደንብ 24፣ የታራሚ ሕክምና በማኅበረሰቡ ከሚሰጠው እኩል እንዲሆን፣ የሱስ ሕክምናም እንዳይቋረጥ ያዛል። ስለዚህ በመግቢያው ዕለት የዓለም ጤና ድርጅት ባለ10 ጥያቄ መጠይቅ፣ ለሚያስፈልጋቸው ዲያዜፓምና ቫይታሚን ቢ1፣ ከመፈታት በፊትም ከአሰላ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል ጋር ትስስር ያስፈልጋል። ይህ ከሌለ እስሩ መጠጡን ያዘገየዋል እንጂ ሱሱን አያክመውም።