የቀድሞ ወታደር ማዘዣ ሲገመገም

በ1983 ዓ.ም. ከተበተነው ሠራዊት አብዛኛው ዛሬ ሃምሳን ተሻግሯል፤ ከቅርቡ ጦርነት የተመለሰው ገና ጎረምሳ ነው። በአእምሮ ሕክምና ክፍል የባልደረቦችዎን ማዘዣ የሚከታተሉ ከሆነ ሁለቱን በአንድ ሚዛን አይመዝኗቸው።

ካርዱን ከመጀመሪያው ገጽ ያንብቡ። ዳያዜፓም መቼ እንደተጀመረ ይፈልጉ። "ለአንድ ሳምንት" ተብሎ ዓመታት የዘለቀ ማዘዣ ገጥሞኛል፤ "ይቀጥል" ብዬ የፈረምኩትም እኔው ነበርኩ። የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይና የመከላከያ መሥሪያ ቤቶች በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጡት መመሪያ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ ለሚመጣ ሕመም ዳያዜፓም ያለበትን የመድኃኒት ወገን እንዳንሰጥ ይመክራል። ግን በአንድ ጊዜ አያስቁሙት፤ ድንገት ሲቋረጥ ሰውነት ያንቀጠቅጣል፣ ራስንም ያስታል። በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ይቀነስ።

መጠጥን ዘወር ብለው ይጠይቁ። "ይጠጣሉ?" ሲባሉ "ኧረ እኔ!" የሚሉ ሰው፣ "ሻምበል፣ እንቅልፍ እምቢ ሲልዎት ምን ያደርጋሉ?" ቢባሉ "አንድ ሁለት መለኪያ አረቄ" ይላሉ። አረቄና ዳያዜፓም አንድ ላይ ትንፋሽ ያፍናሉ።

ያው መመሪያ ከክኒን ይልቅ በአሰቃቂው ትዝታ ላይ ያተኮረ የንግግር ሕክምናን ያስቀድማል። የሠለጠነ ባለሙያ ካለ ወደዚያ ይላኩ። ከሌለ ሰርትራሊን ጥሩ ነው። ለውጡ የሚታየው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መሆኑ አስቀድሞ ካልተነገረ ታካሚው በሁለተኛው ሳምንት "አልሠራልኝም" ብሎ ይተወዋል።

አሚትሪፕትሊን ላይ ቆም ይበሉ። ርካሽ ነው፣ ያስተኛል፤ ስለዚህ እጃችን ይቸኩላል። ፕሮስቴታቸው ላበጠ አዛውንት ሽንት ይከለክላል፤ በብዛት ከተዋጠ ደግሞ የልብ ምት አዛብቶ ይገድላል። ስለዚህ "ሕይወትዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ? ቤትዎ መሣሪያ አለ?" ብሎ ፊት ለፊት መጠየቅ የግድ ነው። መልሱ "አዎ" ከሆነ ታካሚውን ብቻቸውን አይተዉ፤ በዚያው ቀን ከፍተኛ ሐኪም ይያቸው። ወደ ቤት ከተመለሱም ማዘዣው የሳምንት ብቻ ይሁን፣ ክኒኑን ባለቤታቸው ወይም ልጃቸው ይያዙ፣ መሣሪያው ከቤት ይውጣ።

ለቅዠት ፕራዞሲን ከተገኘ በመኝታ ሰዓት በ1 ሚሊ ግራም ይጀመር። በመጀመሪያው ሌሊት የደም ግፊት ሊወርድ ስለሚችል፣ ለሽንት ሲነሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ተቀምጠው ይቁሙ።

በመጨረሻ የጠበል ጉዞ ካለ ቀኑን ካርዱ ላይ ይጻፉ። አይከልክሉ፤ የሚበቃቸውን ክኒን ቋጥረው እንዲሄዱ ያድርጉ።