የአደን ጠመንጃ ሳይለንሰርና ጆሯችን፦ ከመግዛታችሁ በፊት ምን ታወዳድራላችሁ?



ኮሎራዶ፣ አሜሪካ የሚኖር የልጅነት ጓደኛዬ ባለፈው ክረምት ደወለልኝ። እዚያ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር አጋዘን ማደን ለምዷል፤ በየዓመቱ ፈቃድ አውጥቶ ተራራ ይወጣል። «ዶክተርዬ፣ ለጠመንጃዬ ሳይለንሰር ልገዛ ነው። ሦስት ዓይነት አይቻለሁ፤ ለጆሮ የቱ ይሻላል?» አለኝ።

«መጀመሪያ ጆሮህ እንዴት ነው?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። «ግራው ማታ ማታ ይጮኻል። ልጄ ቀስ ብላ ስታወራም ‹ምን አልሽ?› ማለት አብዝቻለሁ» አለኝ።

የመስማት ምርመራ እንዲያደርግ ነገርኩት፤ ውጤቱንም ላከልኝ። በግራ ጆሮው 4000 ኸርዝ አካባቢ መስመሩ ቁልቁል ወርዷል። የተኳሽ ጆሮ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። በቀኝ እጁ የሚተኩስ ሰው ግራ ጆሮው ወደ አፈሙዙ ይዞራል፤ ቀኙን ጭንቅላቱ ይከልልለታል።

🔹 ጥይት ጆሮን እንዴት ይጎዳል?

በውስጠኛው ጆሯችን በእያንዳንዱ በኩል 15,000 ገደማ ፀጉር መሰል ህዋሳት አሉ። ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚቀይሩት እነሱ ናቸው። አንዴ ከሞቱ አይተኩም፤ መድኃኒትም የለውም።

ተራ ወሬ 60 ዴሲቤል ገደማ ነው። የአደን ጠመንጃ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ160 ያልፋል። ለቅጽበታዊ ድምፅ የአደጋ ወሰን የሚባለው 140 ነው። ስለዚህ ያለ መከላከያ የተተኮሰ አንድ ጥይት እንኳን ዘላቂ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

🔹 1ኛ. ድምፅ የመቀነስ አቅም

ሳይለንሰር ከአፈሙዙ የሚወጣውን ትኩስ ጋዝ በውስጡ ባሉት ክፍሎች እያዘገየና እያቀዘቀዘ ይለቃል። ጥሩው ከ20 እስከ 35 ዴሲቤል ይቀንሳል። ይሄ ቀላል አይደለም፤ 10 ዴሲቤል ሲቀንስ የድምፁ ኃይል በ10 እጥፍ፣ 30 ሲቀንስ ደግሞ በ1000 እጥፍ ይወርዳል።

ግን ፊልም ላይ እንደምናየው «ፉት» ብሎ አያልፍም! 165 የነበረው 135 ቢሆን ወሰኑ አጠገብ ነው ያለው። በዚያ ላይ የአደን ጥይት በሰከንድ 800 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ድምፅ የሚሄደው 340 ገደማ ነው። ጥይቱ ድምፅን ቀድሞ ሲሄድ አየር ላይ የሚፈጥረውን ጩኸት የትኛውም ሳይለንሰር አያስቀረውም።

ስታወዳድሩ እነዚህን ጠይቁ፦
👉 ቁጥሩ የተለካው አፈሙዙ ጋ ነው ወይስ ተኳሹ ጆሮ ጋ? ለእኛ የሚጠቅመው የጆሮው ነው።
👉 በእናንተ ካሊበርና በርሜል ርዝመት ነው የተለካው? አጭር በርሜል የበለጠ ይጮኻል።
👉 የመጀመሪያው ተኩስ ለብቻው ስንት ነው? በውስጡ ባለው አየር ምክንያት ብዙ ጊዜ ከቀጣዮቹ ከፍ ይላል፤ አዳኝ ደግሞ የሚተኩሰው አንዴ ወይ ሁለቴ ነው።

🔹 2ኛ. ጥንካሬ

ታይታኒየም ቀላል ስለሆነ ተራራ ለሚወጣ ሰው ይመቻል፤ በተከታታይ ተኩስ በጣም ሲግል ግን ይደክማል። ስቴይንለስ ስቲልና ኢንኮኔል ይከብዳሉ፤ ሙቀትን ግን በደንብ ይችላሉ። በቀን ጥቂት ጥይት ለሚተኩስ አዳኝ ታይታኒየም ይበቃዋል። ዒላማ ቦታ ሄዶ ብዙ ለሚተኩስ ከባዱ ይሻላል።

ብዙውን ጊዜ ሳይለንሰርን የሚያበላሸው እርጅና ሳይሆን አገጣጠም ነው። ላልቶ ወይም ጠምሞ ከታሰረ ጥይቱ የውስጡን ግድግዳ ይመታል። ሁልጊዜ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጣችሁ፣ ጠበቅ ማለቱን እዩ።

🔹 3ኛ. የደንበኛ አገልግሎት

አሜሪካ ውስጥ ሳይለንሰር ከ1934 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ይመዘገባል። የ200 ዶላሩ ግብር ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ዜሮ ሆኗል፤ ምዝገባውና ፈቃዱ ግን አልቀረም። ጭራሽ የማይፈቅዱ ግዛቶችም አሉ። በመለያ ቁጥሩ በስማችሁ ስለሚመዘገብ፣ ሲበላሽ እንደ ስልክ ጥላችሁ ሌላ ማንሳት ወይም ሰፈር ውስጥ ማስጠገን የለም። አምራቹ ጋ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ ዋስትናው ስንት ዓመት ነው? ጥይት ውስጡን ቢመታውስ ይሸፍናል? ጥገና ምን ያህል ይቆያል? የአደን ወቅት አጭር ነው፤ ስድስት ወር የሚያስጠብቅ ጥገና ዓመቱን በላው ማለት ነው።

🔹 እንደ ሐኪም የምጨምረው

⚠️ እርሳስ፦ በተለይ በትንሿ 0.22 ካሊበር ውስጡ የእርሳስ ቅሪት ይጠራቀማል። ስታጸዱ ጓንት አድርጉ፣ ቤት ውስጥ ልጆች ባሉበት አታጽዱ፣ ሳትታጠቡ ምግብ አትንኩ። አንዳንዶች አቼቶና ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ደባልቀው ይዘፈዝፉታል። ይሄ እርሳሱን በቀላሉ ወደ ሰውነት ወደሚገባ መርዝ ይቀይረዋል። በፍጹም አታድርጉት!

⚠️ ቃጠሎ፦ ከጥቂት ተኩስ በኋላ እጅ የሚያቃጥል ሙቀት ይይዛል።

⚠️ ከተኩስ በኋላ ጆሯችሁ ቢደፈን፣ ቢጮህ ወይም መስማት ቢቀንስ «ይተወኛል» ብላችሁ አትቀመጡ። በቶሎ የጆሮ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ ሕክምና የሚረዳው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው።

✅ የትኛውንም ሳይለንሰር ብትገዙ የጆሮ መከላከያ አድርጉ። ስፖንጁን በጣት አቅጥናችሁ ጠቅልሉ፣ በሌላ እጃችሁ ጆሮውን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡ፣ አስገቡና እስኪያብጥ 30 ሰከንድ ያዙት። ለአደን ደግሞ ኤሌክትሮኒክ የጆሮ መከላከያ አለ፤ የቅጠል ኮሽታ ያሰማል፣ የተኩሱን ድምፅ ግን ያፍናል።

ጓደኛዬ በመጨረሻ መካከለኛ ክብደት ያለውን፣ የዕድሜ ልክ ዋስትና ያለውን ገዛ። ከላዩ ላይ ኤሌክትሮኒክ መከላከያ ጨመረበት። ግራ ጆሮው አሁንም ይጮኻል፤ የሄደው አልተመለሰም። የቀረውን ግን እየጠበቀ ነው።

አሜሪካ የሚያድን ወንድም፣ አጎት ወይም ጓደኛ ካላችሁ ይሄን ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።