ስሙ የሚያሳስተው ኮራል

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ለክፍል ልምምድ ስለ ቤት ውስጥ የባሕር አኳሪየም ስጽፍ «የፀሐይ ኮራል» የሚል ስም አገኘሁና «ይሄማ መብራት ከበራለት ይበቃዋል» ብዬ ጻፍኩ። ተሳስቼ ነበር።

በአኳሪየም የሚረቡት አብዛኞቹ ኮራሎች በሰውነታቸው ውስጥ በሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች አማካይነት ከብርሃን ምግብ ያገኛሉ። ቱባስትሪያ የሚባለው የፀሐይ ኮራል ግን እነዚህ አልጌዎች የሉትም። በተፈጥሮ በዋሻና በዐለት ጥላ ሥር ሆኖ ውሃው የሚያመጣለትን ጥቃቅን እንስሳት እየያዘ ይበላል። ፀሐይን የሚመስለው በቀለሙ እንጂ በአመጋገቡ አይደለም።

ስለዚህ ባለቤቱ ሊያጎርሰው ይገባል። ኮራሉ ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው ሲመሽ ነው። መጀመሪያ ፓምፑ ይጠፋል። ከዚያ ከበረዶ የቀለጠ ሚሲስ ሽሪምፕ ውሃ ጠብ ይደረግለታል፤ ሽታው ሲደርሳቸው ፖሊፖቹ ቀስ በቀስ ይከፈታሉ። እስኪከፈቱ 15 ወይም 30 ደቂቃ መታገሥ ነው። ቀጥሎ ሽሪምፑን መርፌ በሌለው ስሪንጅ ለእያንዳንዱ ፖሊፕ ማድረስ ያስፈልጋል፤ አንዱን አጉርሶ ሌላውን መተው አያዋጣም። ይህ ቢያንስ በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ ይደረጋል። ትርፍራፊው ካልወጣ ናይትሬትና ፎስፌት ስለሚጨምር ውሃውንም በየጊዜው በከፊል መቀየር የግድ ነው።

ክፋቱ፣ ኮራሉ ሲራብ ቶሎ አይሞትም። ተዘግቶ ይቆያል፣ ሥጋው እየሳሳ ይሄድና ነጭ አጽሙ ብቅ ይላል። የኔን የመጀመሪያ ጽሑፍ ያመነ ሰው መብራቱን አብርቶ በረሃብ ይገድለው ነበር። ለካ ስምም እንደማንኛውም ወሬ ሳይጣራ አይጻፍም!