በመረሬ አፈር ላይ የብሎኬት የእህል ማስቀመጫ ስለ መሥራት

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

በአቃቂ ቃሊቲ ዳርቻ ጤፍ፣ ስንዴና ሽምብራ የሚበቅልበት ጥቁር አፈር፣ መረሬ ወይም ኮትቻ የምንለው፣ ለአዝመራ ደግ፣ ለግንብ ግን ክፉ ነው። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። የጭቃ ቤት እንጨቱ ስለሚተጣጠፍ ከአፈሩ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ የተላቀቀውንም ባለቤቱ መልሶ ይመርገዋል። ብሎኬት ግን አይተጣጠፍም።

አንድ ማኅበር አባሎቹ በገዛ ጉልበታቸው የሠሩትን የሽምብራ ዘር ማስቀመጫ እንድናይ ጠርቶን ነበር። ግድግዳው በሁለተኛው በጋ ከበሩ ጉበን ጀምሮ በሰያፍ ተሰንጥቋል። በተከተለው ክረምት በስንጥቁ ዝናብ ገብቶ ግድግዳውን የተደገፉት ጆንያዎች ሻገቱ፤ ከቀረው ብዙውን ነቀዝ በላው። አባሎቹ «ሲሚንቶ አንሶት ነው» አሉ፤ እኛም መጀመሪያ ተስማማን። ተሳስተን ነበር። ሲቆፈር መሠረቱ 40 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ተገኘ። የጣራው ውሃም በአንድ ወገን ብቻ እየወረደ ያንኑ ወገን ያሳብጥ ነበር። ሲሚንቶ ቢጨመር ግድግዳው ይበልጥ ድርቅ ይል እንጂ አይድንም።

ስለዚህ ገንዘቡ በቅድሚያ ከመሬት በታች ይዋል። በመጋቢት፣ አፈሩ ደርቆ ሳለ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ ስንጥቁ የት እንደሚያበቃ ማየት ያስፈልጋል። መሠረቱ ከዚያ በታች ይወርዳል፤ ከ1 ሜትር ባያንስ እንመርጣለን። ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በድንጋይ ይገነባል። በላዩ ዙሪያውን ሳይቋረጥ የሚያስር ኮንክሪት ይሞላል፤ በውስጡ ባለ 12 ሚሊ ሜትር አራት ፌሮ ይገባል። ከጣራው ሥርም እንዲሁ ያለ ሁለተኛ ማሰሪያ ያስፈልጋል። ብዙዎች ይህን ለመቆጠብ ይፈልጋሉ፤ እኛ ግን ከልስኑ ቢቆጠብ እንላለን።

በውስጥ 3 በ4 ሜትር ለሆነ፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ40 ለሆነ ቤት፣ ባለ 20 ሳንቲ ሜትር 450 ያህል ብሎኬት ይበቃል። በእጅ ሲፈተግ የሚረግፍ ብሎኬት አይገዛ። በግቢ የሚመረት ከሆነ ቢያንስ 7 ቀን ጥላ ሥር ውሃ ይጠጣ። ለግድግዳው አንድ እጅ ሲሚንቶ ለአምስት እጅ አሸዋ በቂ ነው።

የወለሉን መረሬ 50 ሳንቲ ሜትር አውጥቶ ገረጋንቲ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ እየረጩ መጠቅጠቅ፣ ፕላስቲክ አንጥፎ 10 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት ማፍሰስ ነው። ወለሉ ከግድግዳው ጋር አይጣበቅ፤ ለየብቻቸው ይንቀሳቀሱ።

ከሁሉ የሚረሳው ውሃው ነው። አሸንዳ ይሰቀል። በዙሪያው 1 ሜትር ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ ያዘቀዘቀ የኮንክሪት ጠርዝ ይሠራ፤ ከዚያም ባሻገር ቦይ ይቆፈር። ባሕር ዛፍ ካለ ቤቱ ቢያንስ የዛፉን ቁመት ያህል ይራቅ፤ ሥሩ ውሃውን መጥጦ አፈሩን በአንድ ወገን ያደርቀዋልና።

የግንባታ ፈቃድ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይጠየቃል። ጆንያዎቹ ከወለሉ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው ሰው በሚያሳልፍ ርቀት ይደረደራሉ። ሽምብራው በደንብ ሳይደርቅና ሳይበጠር አይገባም፤ ነቀዝ ከማሳው ጀምሮ አብሮት ሊመጣ ይችላልና። የልማት ሠራተኛው ግድግዳውን በመስከረምና በመጋቢት ይመርምር፤ ስንጥቅ ካገኘም ከመድፈኑ በፊት ጫፍና ጫፉን በእርሳስ ምልክት አድርጎ ቀኑን ይጻፍበት።