«መቅጣት» ወይስ «ማረም»? ትንንሽ ልጆች ላሏቸው ወላጆች ከሕፃናት ክሊኒክ

በዚህ ሴሚስተር የነርሲንግ ተግባር ልምምዴ በሕፃናት ክሊኒክ ነው። ወላጆች ስለ ክትባትና ስለ ክብደት ከጠየቁ በኋላ «እምቢ ይለኛል፣ ይማታል፣ መሬት ላይ ተንከባሎ ያለቅሳል፤ ምን ላድርግ?» ይላሉ። የእኛ ማኅበረሰብ ወላጆች ግን ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ዋጥ ያደርጉታል። «ልጄን ይወስዱብኛል» ብለው የሚፈሩም አሉ። ስለዚህ የተማርኩትን በቋንቋችን ላካፍላችሁ። ወላጅ ባትሆኑም እህት፣ ወንድም፣ አክስት ወይም አጎት ናችሁና ይጠቅማችኋል።

በቃሉ እንስማማ

ነርስ «ዲሲፕሊን» ስትል ብዙ ወላጅ የሚሰማው «ቅጣት» ነው። «አትምቱ» ስትል ደግሞ «ልጁን ስድ ልቀቁት» ያለች ይመስላል። በሙያችን ዲሲፕሊን ማለት ማስተማር ነው፤ በአማርኛ «ማረም» የሚለው ይቀርበዋል። ወላጅን «ቁንጥጫውን ተዉ» ብሎ መሸኘት አይበቃም፤ በምትኩ የሚያደርገውን ልናሳየው ይገባል።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2018 ባወጣው መግለጫ ልጅን ከመምታትና ከማዋረድ እንድንቆጠብ ይመክራል። ዱላ ለዚያች ደቂቃ ልጁን ሊያስቆመው ይችላል። ነገር ግን የሚመቱ ልጆች ውሎ አድሮ ይበልጥ ጠበኛ የመሆን ዝንባሌ እንደሚታይባቸው ጥናቶች ያሳያሉ። «ይህ የፈረንጅ ሐሳብ ነው» ለሚል ደግሞ፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል።

በየዕድሜው

*ከ1 ዓመት በታች፦* የ9 ወር ሕፃን ማንኪያ ደጋግሞ የሚጥለው ምን እንደሚሆን ለማየት ነው። በዚህ ዕድሜ ቅጣት አይገባውም። አደገኛውን ነገር አርቁ፣ ትኩረቱን ወደ ሌላ ነገር ሳቡ። ለቅሶው ትዕግሥታችሁን ከጨረሰው፣ አልጋው ላይ በጀርባው አስተኝታችሁት ለጥቂት ደቂቃ ወጣ ብላችሁ ተንፍሱ። ሕፃን በፍጹም አይነቀነቅም፤ አንጎሉ ሊጎዳ፣ ሊሞትም ይችላል።

*ከ1 እስከ 3 ዓመት፦* «እምቢ» የሚበዛበት ጊዜ ነው። ትእዛዙን አሳጥሩ፤ ሁለት ምርጫ ስጡ፦ «ቀዩን ጫማ ነው ሰማያዊውን?» አደጋ የሌለበትን ጩኸት አጠገቡ ሆናችሁ እለፉት። ዝም ሲል ወዲያው አናግሩት።

*ከ3 እስከ 5 ዓመት፦* ሲማታ ጸጥ ያለ ቦታ ማስቀመጥ፣ ማለትም «ታይም አውት»፣ ይረዳል። ልኩ በዕድሜው ቁጥር ነው፤ ለ3 ዓመት ልጅ 3 ደቂቃ። ደንቡን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ሲያበቃም ነገሩን አታንሱበት።

ከቤታችን አነጋገር

*«እደግ!»* ልጅ ለትልቅ ሰው ውሃ ሲያቀርብ ወዲያው ይመረቃል። እኛ በክፍል «ፖዚቲቭ ሪኢንፎርስመንት» ብለን የምንማረው ይህንኑ ነው። ምን እንዳስመረቀው ጨምሩበት፦ «እደጊ፣ አሻንጉሊትሽን ለወንድምሽ ስላካፈልሽው ደስ አለኝ።» እንዲህ ሲባል ልጅቷ የትኛውን ሥራ መድገም እንዳለባት ታውቃለች።

*«ቆይ፣ እንግዳው ይሂድ!»* እንግዳው እስኪሄድ የ2 ዓመት ልጅ ያጠፋውን ረስቶታል። ለትንሽ ልጅ እርማት ወዲያው ካልሆነ ከጥፋቱ ጋር አይገናኝለትም።

*«ዝም ካላልክ ነርሷ መርፌ ትወጋሃለች!»* ይህቺን እባካችሁ ተዉልን። መርፌን የቅጣት መሣሪያ አድርጎ ያሰበ ልጅ ደረቱን እንኳን ለማዳመጥ አያስጠጋንም። እውነቱን ንገሩት፦ «ትንሽ ያምሃል፣ ቶሎ ያልፋል፣ እኔ እይዝሃለሁ።»

ስለ ፍርሃቱ

በአሜሪካ ነርሶች በልጅ ላይ ጥቃት ሲጠረጥሩ ለሚመለከተው ክፍል የማሳወቅ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው፤ ይህን መሸፋፈን ወላጅን አይጠቅምም። «ልጄ አስቸገረኝ፣ ምከሩኝ» ማለት ግን ጥቃት አይደለም፤ ጥሩ ወላጅ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። አውሮፓ ያላችሁም የአገራችሁን ሕግ እወቁ፤ ስዊድን ከ1979፣ ጀርመን ከ2000 ጀምሮ ወላጅ በቤቱም ልጁን እንዳይመታ ከልክለዋል።

ውጭ ያደግን ልጆች ለወላጆቻችን ስናስተረጉም ኖረናል። ይህ ጉዳይ ግን በልጅ አፍ አይተረጎምም፤ እናት ስለ ልጇ አስቸጋሪነት በራሱ በልጇ በኩል እንዴት ትጠይቃለች? በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ክሊኒኮች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ቀጠሮ ስትይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ» በሉ።

ከቀጠሮው በፊት

በአሜሪካ ሕፃናት ባይታመሙም በ9፣ በ12፣ በ15፣ በ18፣ በ24 እና በ30 ወራቸው፣ ከዚያም በ3 ዓመታቸው ለጤና ክትትል ይታያሉ። «እምቢ» የሚጀምረውና የሚበረታው በእነዚሁ ወራት ነው፤ ስለዚህ ልዩ ቀጠሮ ሳያስፈልግ እዚያው መጠየቅ ይቻላል። ሦስት ነገር ጽፋችሁ ሂዱ፦ ልጁ ምን ያደርጋል? መቼ ይብስበታል (ሲርበው፣ እንቅልፉ ሲመጣ)? እናንተስ ምን አደረጋችሁ? በእነዚህ መልሶች ነርሷ ለእናንተ ቤት የሚሆን ምክር ልትሰጣችሁ ትችላለች።