ለመራጭ ልጅ ምሳ ሲቋጠር

ወጣቷ እናት ዘንድሮ ልጇን አንደኛ ክፍል አስገብታለች። የምታማክራቸው ጎረቤቷ ብዙ ዘመን ባልትና አስተምረው ጡረታ የወጡ እናት ናቸው።

ወጣቷ፦ እትዬ፣ ይሄ ልጅ አልበላ ብሎኝ ተቸግሬአለሁ። በሌሊት ተነስቼ ፍርፍር ሠርቼ፣ ቅቤ ጠብ አድርጌበት እቋጥርለታለሁ፤ ማታ ምሳ ዕቃውን ስከፍተው እንዳለ ተመልሷል። የተበላችው ብስኩቷ ብቻ ናት።

እትዬ፦ ቤት ውስጥስ ፍርፍር ይበላል?

ወጣቷ፦ በትኩሱ ከሆነ ሳህኑን ይልሳል።

እትዬ፦ እንግዲያው ልጁ ፍርፍር አይጠላም። እስቲ ዛሬ የመለሰውን አሳዪኝ። አየሽው? ቅቤው ረግቶ ነጭ ሆኗል። እንጀራው ጠርዝ ጠርዙ ደርቋል፣ መሃሉ ደግሞ ላቁጧል። ጠዋት 1 ሰዓት የቋጠርሽው ቀን 6 ሰዓት ነው የሚከፈተው። አምስት ሰዓት ቦርሳ ውስጥ የዋለ ፍርፍር እኔም አልበላውም። እሱን ቁርስ አድርጊውና ለምሳ ሌላ አስቢ።

ወጣቷ፦ ሌላውንማ ሞከርኩ! ባለፈው ጎመን በካሮት ሠርቼ፣ ሩዝ ላይ አድርጌ ላክሁለት። አፍንጫውን ይዞ ገፋው አሉኝ።

እትዬ፦ ጎመን ቤት በልቶ ያውቃል?

ወጣቷ፦ ኧረ በጭራሽ። ትምህርት ቤት ሲርበው ይበላል ብዬ ነው።

እትዬ፦ እዚህ ላይ አጥብቄ የምነግርሽ ነገር አለ። ምሳ ዕቃ አዲስ ምግብ ማስለመጃ አይደለም። ልጁ እዚያ አንቺ የለሽለትም፤ የምሳው ሰዓት አጭር ነው፤ ጨዋታው እየጠራው ነው፤ ጎኑ የተቀመጠው ልጅ ችብስ ይዟል። በዚያ ሁሉ መሃል የማያውቀውን ጎመን ቅመስ ብትዪው እንዴት ይሆንለታል? የሚቋጠርለት የለመደው ምግብ ነው። አዲሱ የሚለመደው እራት ላይ፣ አንቺም አባቱም እየበላችሁት ነው።

ወጣቷ፦ እራት ላይማ ጦርነት ነው። "ይቺን ብቻ፣ በሞቴ!" እያልኩ ካላጎረስኩት አይሆንም።

እትዬ፦ ጉርሻ የፍቅር ነው፣ እሱን አልነቅፍም። ልጁ ከንፈሩን ገጥሞ እያለ የሚሰጥ ጉርሻ ግን ከምግቡ ጋር ያጣላዋል። ሊያን በርች የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ የልጆችን አመጋገብ ለብዙ ዓመታት አጥንታለች። እርሷና ባልደረቦቿ በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ለትንንሽ ልጆች ሾርባ አቀረቡላቸው፤ አንዳንዴ "ጨርሱ" እያሉ ወተወቷቸው፣ አንዳንዴ ዝም አሏቸው። ልጆቹ ሲወተወቱ ያነሰ በሉ፤ ስለ ሾርባውም ክፉ ክፉውን ተናገሩ።

ወጣቷ፦ "ጎመኑን ከጨረስክ ከረሜላ" ብዬ ባባብለውስ?

እትዬ፦ ለዚያች ማታ ይሠራልሻል። ልጁ የሚማረው ግን ጎመን ካሳ የሚከፈልበት ነገር መሆኑን፣ ከረሜላ ደግሞ ሽልማት መሆኑን ነው። ይልቅ ከሚወደው ምግብ ጎን ማንኪያ የማትሞላ ጎመን አስቀምጪለት። ብላ አትበዪው፣ ዓይንሽንም አትትከዪበት። ካልነካት አንሺና ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ መልሰሽ አቅርቢ። አንድን ምግብ እሺ እስኪል አሥርም አሥራ አምስትም ጊዜ መቅመስ የሚያስፈልገው ልጅ አለ። ብዙ እናት ግን ሦስተኛው ላይ "ልጄ ጎመን አይወድም" ብላ ትተወዋለች፤ እኔን ይሄ ያሳዝነኛል። ከ2 እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ ያልለመዱትን ምግብ መፍራት የተፈጥሮ ነው፤ እንደ ጥጋብ አትቁጠሪበት። ምን እንደሚቀርብና መቼ እንደሚቀርብ አንቺ ትወስኛለሽ፤ ምን ያህል እንደሚበላ ለሆዱ ተዪለት።

ወጣቷ፦ እሺ፣ የለመደውን ልቋጥር። ከፍርፍር ሌላ የለመደው እኮ መኮሮኒና ዳቦ ብቻ ነው!

እትዬ፦ ከዚያው እንነሳ። መኮሮኒውን ማን ከለከለው? የሚሻሻለው ስልሱ ነው። ሽንኩርቱን አቁላልተሽ ቲማቲሙን ስትጨምሪ፣ የታጠበ ግማሽ ስኒ የምስር ክክ ከውሃ ጋር አብረሽ አብስዪ። ቀስ እያለ ይሟሟና ስልሱን ያወፍረዋል። ሊወጣ ሲል ካሮት በጥሩ ፈቅፍቀሽ ጨምሪበት፤ ካሮት ለዓይን የሚበጀውን ቫይታሚን ኤ ለሰውነት በደንብ የሚሰጠው ዘይት ሲያገኝ ነው። ምስሩ ገንቢ ነው፣ ብረትም አለው።

ወጣቷ፦ ደብቄ ማብላቴ አይደል ታዲያ?

እትዬ፦ መደበቅ አልወድም። ምስሩን እሱ ይጠብልሽ፣ ካሮቱን እያየ ፈቅፍቂ። ምን እንደገባበት እያወቀ ይብላ። ሳያውቅ የበላው ካሮት ሰውነቱን ይጠቅመዋል፤ ነገ ሳህን ላይ ሲያየው ግን ያው እንግዳ ነው የሚሆንበት።

ወጣቷ፦ መኮሮኒውም እኮ ይቀዘቅዛል።

እትዬ፦ አቅም ካለሽ አፉ ሰፊ የሆነ የምግብ ፔርሙዝ ግዢለት። የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ አይቀመጥ ይላል፤ ትኩስ ሆኖ የሚቆይ ከሆነ ደግሞ ከ60 ዲግሪ በላይ መሆን አለበት። ስለዚህ ጠዋት መጀመሪያ የፈላ ውሃ ፔርሙዙ ውስጥ ጨምረሽ ክደኚውና አሥር ደቂቃ ያህል ተዪው። ከዚያ ውሃውን ድፊና ምግቡን እንፋሎቱ እየወጣ ሙዪው። ጎደሎ ከሆነ ቶሎ ይበርዳል። አንድ ቅዳሜ ቤት ሞልተሽ 6 ሰዓት ላይ ክፈቺው፤ ለብ ብሎ ካገኘሽው አትተማመኚበት። ክዳኑንም ልጁ ራሱ ከፍቶ ያሳይሽ። ክዳን አልከፈት ብሎት፣ መምህርቷን መጠየቅ አፍሮ ጾሙን የሚውል ልጅ አለ።

ወጣቷ፦ ፔርሙዙ እስኪገዛስ?

እትዬ፦ ደረቅ ደረቁን ቋጥሪ። ዳቦ በለውዝ ቅቤ፣ ቂጣ፣ ቆሎ። የበሶ ዱቄት በንጥር ቅቤና በትንሽ ጨው አሽተሽ ጭኮ ብታደርጊለት ሳይበላሽ ይቆያል፤ በጾም ጊዜ በዘይት ይሆናል። ለታናሽ እህቱ ግን 5 ዓመት እስኪሞላት ድረስ ሙሉ ለውዝ እንዳትሰጪ፣ ያንቃል። የክፍሉ ልጆች ውስጥም ለውዝ የማይስማማው እንዳለ መምህርቷን ጠይቂ።

ወጣቷ፦ ፍራፍሬውንም ይመልሰዋል።

እትዬ፦ ብርቱካኑን ሳትነኪው ነው የምትልኪው? ልጅ በዚያች ጥፍሩ እንዴት ይልጠዋል! ልጣጩን በቢላ አራት ቦታ ጫር ጫር አድርጊለት። የብርቱካን ጥቅም በራሱ ብቻ አያበቃም፤ ከምስሩም ከጤፉም የሚገኘውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዲወስድ ያግዛል። ሻይ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ በምግብ ላይ ሻይ አታጠጪው።

ወጣቷ፦ ለስላሳና ችብስስ? ሌሎቹ ልጆች እየያዙ ይሄዳሉ፣ እሱ ያለቅሳል።

እትዬ፦ ለመጠጥ ውሃ ይበቃዋል። አንድ ባለ 330 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ወደ 35 ግራም ስኳር አለው፤ ያን ጠጥቶ ምን ሆድ ተርፎት ምሳ ይበላል? ለችብሱ ብቻሽን አትታገዪ። ልጅ ጓደኞቹ ሲበሉ ያየውን መብላት ይወዳል።

ወጣቷ፦ እውነት ነው! የእህቴ ልጅ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ ቤት የማይነካውን ምስር እዚያ በምገባው ሁሉም ሲበላ ይበላል።

እትዬ፦ በይ እሱን ተጠቀሚበት። ከልጅሽ ጋር አብረው የሚቀመጡትን የሁለት ሦስት ልጆች እናቶች አነጋግሪ። ሰኞ ሁላችሁም ሙዝ፣ ማክሰኞ ሁላችሁም ብርቱካን ቋጥሩ። ችብሱንም ተስማምታችሁ አስቀሩት።

ወጣቷ፦ መራጭነቱ ሕመም ቢሆንስ?

እትዬ፦ ክብደቱ ከቀነሰ ወይም ማደጉን ካቆመ፣ ሲውጥ የሚያንቀው ከሆነ፣ የሚበላው የምግብ ዓይነት ከቀን ወደ ቀን ካነሰ፣ ወይም አፈር ሲበላ ካየሽው ሳትዘገዪ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። አፈር መብላት የብረት እጥረት ምልክት ሊሆን ይችላል።

ወጣቷ፦ ይሄን ዛሬ የተመለሰውን ምሳስ መክሰስ ላድርግለት?

እትዬ፦ አይሆንም፣ ቀኑን ሙሉ ቦርሳ ውስጥ የዋለ ነው፤ ድፊው። ከትምህርት ቤት ሲገባም በር ላይ "ለምን አልበላህም?" ብለሽ አትቀበዪው። ልብሱን ቀይሮ ሲረጋጋ ምሳ ላይ ማን አጠገብ እንደተቀመጠ፣ ጊዜ በቅቶት እንደሆነ ጠይቂው። ነገ ደግሞ መጠኑን ከዛሬው በግማሽ ቀንሰሽ ቋጥሪለት፤ ጨርሶት ከመጣ ትጨምሪለታለሽ።