አንድ መርፌና የበግ ጠጉር



ለተቸገረ ሰው ብርድ ልብስ ማደል መልካም ነው፤ ነገር ግን ያልቃል። የእጅ ሙያ ግን ዓመት ከዓመት ያለብሳል። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን በግ ለሚረባበት ደጋ የሚስማማ አንድ የቆየ ሥራ እንማራለን። ስሙ ናልቢንዲንግ ነው፤ በስካንዲኔቪያ ቋንቋ በመርፌ ማሰር ማለት ነው።

ዘዴው ከሹራብ ሥራ ይቀድማል። በግብፅ፣ በጥንታዊቱ ኦክሲሪንከስ ከተማ፣ ከ1500 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ቀይ የበግ ጠጉር ካልሲዎች ተገኝተዋል፤ ለነጠላ ጫማ እንዲመቹ የአውራ ጣቱ ቦታ ለብቻው ተሠርቷል። በእንግሊዝ አገር በዮርክ ከተማም የ10ኛው መቶ ዘመን ካልሲ ተገኝቷል።

በእያንዳንዱ ስፌት ክሩ እስከ ጫፉ ስለሚያልፍ ሥራው ቢቀደድ እንደ ሹራብ አይተረተርም። ሲጀመር እንዲህ ነው፦

1. ከእንጨት ወይም ከቀንድ የአንድ ጣት ርዝመት ያለው፣ ቀዳዳ ያለውና ጫፉ ደልዳላ የሆነ መርፌ ቅረጹ።

2. አንድ ሜትር ተኩል ያህል ክር አስገቡ።

3. በግራ እጃችሁ ሁለት ላላ ያሉ ቀለበቶች አብጁ፤ አንዱ በአውራ ጣት ላይ፣ ሌላው ከጣቱ በስተኋላ ይሁን። መርፌውን በኋለኛው ቀለበት አስገብታችሁ አዙሩ፤ በጣቱ ላይ ባለው ቀለበትና በሚሠራው ክር ሥር አሳልፉት። ክሩ ሲሳብ የፊተኛው ቀለበት ከጣቱ ወርዶ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ አዲሱ ይተካል። ቀለበቶቹን እኩል የሚያደርጋቸው ጣታችሁ ነው።

4. ሰንሰለቱ ሲበቃ ጫፎቹን ገጥማችሁ ክብ አድርጉ። ከዚያ ወዲያ በየስፌቱ ከታችኛው ዙር ጠርዝ አንድ ቀለበት አንሡ።

5. ክሩ ሲያልቅ የሁለቱን ክሮች ጫፍ አሳሱ፣ በውኃ አርጥባችሁ ደርቡ፣ በመዳፍ አሹ፤ ይያያዛሉ። ናይለንና ጥጥ እንዲህ አይያያዙም።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ይህን አስተውሉ፤ በእንዝርት የበግ ጠጉር የምትፈትል እናት የሥራውን እኩሌታ አስቀድማ ታውቃለች። ስለዚህ እንደ ተረጂ ሳይሆን እንደ ባለሙያ ቅረቧት። ሥራው አዝጋሚ ነውና ፈጣን ገንዘብ ያስገኛል ብላችሁ ተስፋ አትስጡ፤ በመጀመሪያ ለገዛ ልጇ ቆብ ትሥራ።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9ን አብራችሁ አንብቡ። ዶርቃ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ ያሳዩት በእጅዋ የሠራችውን ልብስ ነበር።

ለውይይት፦ በማኅበራችን ያልጠየቅነው ሙያ ያላት እናት ማን ናት?